ዳማን የሚተካ

መስከረም 20 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ወልደሰማያት ዛሬ ከመኪናዬ ከዳማ ሆድ ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቴን ሳያይ፣ "አባ ዳማ፣ አበቃላት" አለኝ። ሻንሲዋ ተሰንጥቋል። በብየዳ ላይ ብየዳ ደርቦ ደርቦ፣ ከዚህ በኋላ የሚበየድ ብረት አልቀረም ይላል። "ከተማ ውስጥ ዳቦ ትገዛባታለህ። የሊሙን መንገድ ግን እርሳው።"

የሊሙን መንገድ እርሳው! ይህን ለኔ የሚለኝ ጋራዡን የከፈተ ሰሞን የመጀመሪያ ደንበኛው የሆንኩ ወዳጄ ነው። እሸት ቡና ሊቀላ ሁለት ወር አልቀረውም። አይሱዙው ጭነቱን ያነሳል፣ ቀድሞ ሄዶ ከገበሬው ጋር የሚነጋገረው ግን እኔ ነኝ። ያለ መኪና ምኑን ነጋዴ ሆንኩት?

ደግሞ የማይመለከተውን ይጨምራል። "የሚገርመኝ፣ ቁስሏ ሁሉ በቀኝ በኩል ነው፤ ግራዋ ሙሽራ ናት" አለ። የሰፈራችን የጅሬን መንገድ በቀኝ በኩል ጠባብ መሆኑን ማን በነገረው። የግቢያችን በርም ድሮ ሲሠራ ግንበኛው አጭበርብሮኛል፤ ቋሚው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል።

ቤት ገብቼ ለሐጂራ ዳማ መሞቷን ነገርኳት። "ጠብታህን አድርገሃል?" አለችኝ። ሰው መኪና ሞተብኝ ሲል ስለ ጠብታ የምትጠይቅ ሚስት አላህ ሰጠኝ።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ዝናቡ እምቢ ስላለ ከቤት አልወጣሁም። ዳማ ግቢው ውስጥ ቆማ ስትታጠብ በመስኮት አያታለሁ።

አባቴ ሲገዛት ቀለሟ የአያቴን ፈረስ ይመስላል ብሎ በፈረሱ ስም ጠራት። አያቴ በፈረሱ አባ ዳማ ተባለ፣ አባቴ በላንድክሩዘሩ አባ ዳማ ተባለ፣ ስሙ ከቁልፉ ጋር ለኔ መጣ። ሊሙ ገነት ውስጥ ቲጃኒ ብለው ቢጠይቁ የሚያውቀኝ ጥቂት ነው። አባ ዳማ ካሉ ግን ሕፃኑም እጅዎን ይዞ ያደርስዎታል።

ከሊሙ ገነት አለፍ ሲሉ፣ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ የምንላቸው የዘይቡ መንደር መግቢያ ላይ አንድ ዋንዛ አለ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም ያደርገዋል። መንደሩ ይወጣል። በዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ ላይ ደግሞ አዴ ዘይቡ ከጓሯቸው የለቀሙትን የመጀመሪያ ቀይ የቡና ፍሬ በጭብጣቸው ይዘው ይመጣሉ። የሚሰጡት መሪ ለያዘው እጅ ነው። በእነሱና በእኛ መካከል የኖረ ልማድ ነው፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። "መንገዱን ያመጣልን እጅ ይቅመስ" ነው ነገሩ።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሱፍ ነጋዴ ይህን ሰምቶ ከኋላ ወንበር እጁን ዘረጋ። አዴ ዘይቡ አልፈውት ሄደው ለሾፌሩ፣ ለአባቴ፣ ሰጡ። ሰውዬው እጁን የሚያስገባበት ጠፋው፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር።

እኔ ፍሬውን መጀመሪያ የተቀበልኩት የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አባቴ ያን ዓመት ጋቢና ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላመለጠኝም።

መስከረም 29

ፋሂም መጣ። የእህቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ መኪና ያሻሽጣል። ሁለት ስልክ አለው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይጮኻሉ።

"አጎቴ፣ የእርስዎን ሌቭል የሚመጥን ነው የምንይዘው። ኮምፓክት፣ ላግዠሪ፣ ፉል ኦፕሽን!"

"በአማርኛ ንገረኝ።"

"ትንሽ፣ ከፍ ያለች፣ የምታምር።"

"ሐጂራን ነው የገለጽካት" አልኩት። ሐጂራ ከጓዳ ሳል ሳለች።

ያስረዳው ሲያጥር እንዲህ ነው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ አዲስ ካልኩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጅ ካልኩ እዚሁ አገር ያገለገለ ነው። ልቤ ወደ ነዳጁ ነው። ድምፅ የሌለው ነገር አላምንም።

ልጄ ሳቢሪን ከመድኃኒት መደብሯ ዘግታ ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "ካሜራው ስንት ነው? በጎን ሰው ሲመጣ ይጮኻል?" ይቺ ልጅ እንዲህ ዘመናይ ነገር የምትወድ አልነበረችም። ከተማው እያበላሻት ነው።

ጥቅምት 3

መስጊድ በር ላይ ከጎረቤታችን ከጀማለዲን ጋር ተጋጨን። ከጎኔ ሳይናገር መጣ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንደ ድመት ይሄዳል? አፉ በለኝ አልኩት። "በእጄ እየጠራሁህ ነበር" አለኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ፋሂም ያገለገለችውን ከአዲስ አበባ እየነዳ አመጣት። ግራጫ ናት፤ የቆዳ ወንበር፣ ሲቀመጡበት የሚያቅፍ። "የሐኪም መኪና ነበረች፣ ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል" አለ። የሚሸጥ መኪና ሁሉ የሐኪም ነው። የጅማ ሐኪሞች ብቻ ናቸው በባጃጅ የሚሄዱት።

ወደ ሸቤ አቅጣጫ ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ሳቢሪን ጋቢና፣ ፋሂም ከኋላ። ሞተሩ ደስ ይላል፤ ዳገት ላይ ያጉረመርማል እንጂ አያለቅስም። ለአፍታ እውነትም ወደድኳት። ከዚያ ሳቢሪን "ባባ! ፍየል!" ብላ መሪውን ያዘችብኝ። አባት እየነዳ መሪ ይያዛል? ፍየሏ አልተነካችም፤ ጠርዝ ላይ ቆማ ቅጠሏን ትበላለች።

ጉዳዩን አጠናሁት። የዘንድሮ መኪኖች የፊት መስተዋቱን የያዘው ምሰሷቸው ወፍራም ነው፤ ጎን ይከልላል። መስኮቱ ጠባብ፣ ስፖኪዮው የሰው መዳፍ የሚያክል። ዳማ መስኮቷ እንደ ሰገነት ነበር፤ ውስጧ ተቀምጬ ጠቅላላ አገሩን አያለሁ። ቢያንስ ድሮ አይ ነበር። ለፋሂም "ምሰሶዋ ወፍራም ነው፣ መልሳት" አልኩት።

"አጎቴ፣ በምሰሶ የተመለሰ መኪና አይቼ አላውቅም!"

ስንመለስ ሳቢሪን እስከ ቤት ድረስ ዓይኗን ከቀኙ ጠርዝ አላነሳችም።

ጥቅምት 12

ሐጂራና ሳቢሪን ጓዳ ናቸው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ለመስማት አልቆምኩም፤ ጫማዬን ነበር የምፈልገው።

"በጎን የጠፋው አይመለስም ነው ያለው ሐኪሙ። ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው፣ እሱንም ሳያቋርጥ ካደረገ።"

"አያደርግማ! ማቀዝቀዣው ውስጥ ወተት ሥር ይደብቀዋል።"

"እማ፣ ቁልፉን እንንጠቀው?"

"ሜ እባክሽ፣ ዝም በይ። የሊሙን መንገድ ብትነጥቂው ምን ይቀረዋል?"

ጫማዬን አገኘሁት። እግሬ ሥር ነበር፣ በቀኝ በኩል።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 20

ዛሬ ሁሉም ሰው መካሪ ሆነብኝ። ወልደሰማያት ኤሌክትሪክ አትግዛ ይላል፤ "እኔ የማልፈታው መኪና መኪና አይደለም፣ ቴሌቪዥን ነው።" ጀማለዲን ግዛ ይላል፤ የነዳጅ ሰልፍ ውስጥ አርጅቻለሁ ባይ ነው። ሐጂራ መብራት በጠፋ ቁጥር "ይኸው መኪናህ ጠፋች" እያለች ትስቃለች። ፋሂም አንድ ጊዜ ከተሞላ ሊሙ ደርሶ መልስ ሄዶ ይተርፈዋል ብሎ በእናቱ ይምላል። እናቱ እህቴ ስለሆነች መሐላውን ተቀበልኩ።

ሳቢሪን ብቻ ስለ ነዳጅም ስለ መብራትም አታነሳም። በየቀኑ ስልኳን ይዛ ትመጣና ታሳየኛለች፤ ይህኛው አራት ካሜራ አለው፣ ያኛው እግረኛ ሲያይ ራሱ ይቆማል፣ ይህ መስመር ሲለቁ መሪውን ያንቀጠቅጣል። "ያገለገለው ውስጥ ይህ የለም ባባ፤ ለዚህ ነው አዲስ የምልህ።"

"ልጄ፣ መኪና ነው የምገዛው ወይስ ዘበኛ?"

አልሳቀችም። ድሮ በቀልዴ ትስቅ ነበር። ልጅ ሳለች ዳማ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መሪውን አስይዛት ነበር፤ ክላክሱን በሁለት እጇ ተጭና "ባባ፣ እኔ ነኝ የነዳሁት በላቸው" ትለኛለች። እኔም ለመንደሩ ሁሉ እሷ ነች እላለሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ልጽፍ ሦስቴ ተቀመጥኩ።

ኤሌክትሪኳ መጣች። ነጭ፣ አጠር ያለች፣ ከውስጥ የሆቴል ክፍል የመሰለች። ማስነሻ ብጫን ምንም አልተሰማም። "ተነስታለች አጎቴ" አለ ፋሂም። ዳማ ስትነሳ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ይቺ ሌባ ናት። ስክሪኗ ላይ መኪናዋን ከላይ እንደ አሞራ ያሳያል፤ ራሴን ከሰማይ ማየት ደስ አላለኝም።

ፋሂምና ሳቢሪን ከኋላ ተቀምጠው ከጅሬን ወደ ገበያው ቁልቁል ያዝኩ። ሐሙስ ነውና አገሩ ሁሉ ወደ ገበያ ይወርዳል። ቀስ እያልኩ ነበር፤ ወላሂ ቀስ እያልኩ። ድንገት መኪናዋ ጮኸችና ያለ እግሬ ፍሬን ያዘች። ቀበቶው ደረቴን መታኝ፤ የፋሂም ስልኮች ፊት ድረስ ተወረወሩ።

ተናድጄ ወረድኩ። "ፈሪ መኪና! ባዶ መንገድ ላይ የሚቆም ምን ዓይነት..." እያልኩ ዞርኩ።

የቀኙ ጎማ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። ልጅ አዝላለች። ቅርጫቷ ወድቆ አቮካዶው በአስፋልቱ ላይ ይንከባለላል።

አልነበረችም። ከየት እንደመጣች አላውቅም። ፋሂምን ጠየቅኩት፤ ከሩቅ አይቷት እንደነበር፣ እኔም አይቻታለሁ ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ። ሳቢሪንም አይታታለች፤ አፏን ከፍታ ድምፅ አልወጣላትም። ከኔ በቀር ሁሉም አይቷታል። መኪናዋም ጭምር።

አቮካዶውን እየለቀምኩ ቅርጫቷ ውስጥ ከተትኩ። አንዱ እጄ ላይ ፈረጠ። ይቅርታ ልላት ቀና ስል እሷው ቀደመችኝ። "ምንም አልሆንኩም አባባ። አይደንግጡ" አለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ አልነቃም።

ፋሂም ነድቶ መለሰን። ሳቢሪን ከኋላ ወንበር ስታለቅስ ሰማሁ። ያ ዝምተኛ መኪና ለቅሶ አይሸፍንም። ዳማ ብትሆን ኖሮ አልሰማም ነበር።

ጥቅምት 28

አልወጣሁም።

ጥቅምት 30

ዛሬም።

ፋሂም ደወለ፤ "ሻጩ መልስ ይፈልጋል።" ሐጂራን ተኝቷል በይው አልኳት። ተኝቷል አለችው። ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ኅዳር 4

አባቴ ቁልፉን የሰጠኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ጉልበቴን አሞኛል ነበር ያለው። በዚያ ዓመት ግን በዚሁ ጉልበት ጅሬንን በእግሩ ይወጣ፣ ሰላቱንም ይሰግድ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ መኪና የተሰጠው ጎረምሳ የአባቱን ጉልበት አይመረምርም። ጋቢና ተቀምጦ ሊሙ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ መስሎኝ የነበረው አነዳዴ እንዳኮራው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ፦ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ይሄዳል። ከጎኑ የቀረበለትን ሻይ በክንዱ ይደፋል። ትከሻው የበሩን መቃን ይመታል፤ ሁሌ ያንኑ ትከሻ። እኛ "አረጀ" እንላለን። ያን ጊዜ ከእኔ የዛሬ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ዛሬ ከዝሁር ስመለስ ትከሻዬ መቃኑን መታው። ሐጂራ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። እናቴም ምንም አትልም ነበር።

አባቴን ናፈቅኩት። መኪናውን ሲሰጠኝ ምን እንደሰጠኝ አሁን ነው የገባኝ፤ አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አልያዝኩትም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሳቢሪንን ጠራኋት። ስልኳን ይዛ ልትቀመጥ ስትል "አስቀምጪው" አልኳት።

"ያ ሁሉ ካሜራ፣ ለኔ ዓይን ልትገዢልኝ ነበር?"

ስልኳን አስቀመጠች። "አዎ ባባ።"

"የሚሸጥ መሰለሽ?"

"ካገኘሁ ብዬ ነው" አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። "መንገዱን ልነጥቅህ አልፈለግሁም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እንኳ ትነዳበት ብዬ።"

ያን ሁሉ ሳምንት ዘመናይ ሆነች እያልኩ ስቦጭቃት የኖርኩት ይህን ነው። ራሷን ሳብኩና ሳምኳት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ አሁንም እንደ ልጅነቷ ይሸታል።

ለፋሂም ደወልኩ። "ነጯን እንይዛለን።"

"አጎቴ፣ አሪፍ ምርጫ! ሊብሬው በርስዎ ስም ነው?"

"በሳቢሪን።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ስልኮቹ ዝም አሉ። ሳቢሪን "ባባ፣ ታዲያ ካሜራው ምን ያደርጋል?" አለችኝ። "ላንቺም አራት ዓይን ቢጨመር አይጎዳሽም፤ ከኔ ዘር ነሽ" አልኳት። ቀልዴ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም። ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብራኝ ትሄዳለች፤ የሷም ዓይን ይታይ።

ኅዳር 12

የሳቢሪን ዓይን ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። በየዓመቱ ትታያለች።

የኔን አልጽፈውም።

ኅዳር 14

ወልደሰማያት ዳማን ሊወስድ መጣ። ጋራዡ ጓሮ ያቆማታል፤ አይፈታትም፤ በማርያም ምሎልኛል። "አንድ ቀን ሻንሲ ካገኘሁ" ይላል። እንደማያገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፏን ስሰጠው "አንተ ንዳት፣ እስከ በሩ" አለኝ።

እኔ አስነሳኋት። ጎረቤት ሁሉ አወቀ። ወልደሰማያት ከፊት ለፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ በእጁ መራኝ፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ በቃ፣ ቀጥ። የበሩን ቋሚ ሳልነካ ወጣሁ። ግንበኛው ይቅር ይበለኝ፤ ቋሚው ቀጥ ያለ ነበር።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ከሊሙ ተመለስን። እጄ ገና ጣፋጭ ይሸታል።

ሳቢሪን ነዳች፣ እኔ ጋቢና። መጀመሪያ እግሬ እየሄደ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። "ባባ፣ ወለሉን ልትበሳው ነው" አለች። ከዚያ መስኮቱን አወረድኩ። ሞተር የሌለው መኪና ውስጥ አገሩ ይሰማል፤ ወንዙ፣ ጉሬዛው፣ ቡና ለቃሚዎቹ ከጥላው ሥር ሲጠራሩ። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚህ መንገድ ስመላለስ የራሴን ሞተር ነበር የምሰማው። የቱ ጋ እንደደረስን በድምፅ እነግራታለሁ፤ "አሁን ድልድዩ፣ ከሱ በኋላ ጉድጓድ አለ፣ በግራ ያዢ።" ጉድጓዱ ነበር።

ዋንዛው ጋ ደረስን። ማንም አልወጣም። ድምፅ የለንም፣ ነጭ ነን፣ ማን ያውቀናል? አንዲት ልጅ ውሃ ይዛ አለፈች፣ እንደ መንግሥት መኪና አይታን። ሳቢሪን ወደ እኔ ዞረች። ክንዴን ዘረጋሁና ክላክሱን ተጫንኩ፤ ሁለት አጠር፣ አንድ ረዘም። ድምፁ እንደ ዳማ አይደለም፤ ቀጭን ነው። ግን አባቴ እንዳደረገው ነው ያደረግሁት።

በሮች ተከፈቱ። "አባ ዳማ! አባ ዳማ ዱፌ!"፣ አባ ዳማ መጣ፣ እያሉ ልጆቹ ይሮጣሉ። አዴ ዘይቡ በበትር እየተደገፉ ጭብጣቸውን ጨብጠው ወጡ፤ እንደ ልማዳቸው በግራ በኩል፣ ወደ መሪው። እጃቸውን በመስኮቱ ሊያስገቡ ሲሉ ሳቢሪንን አዩ። ቆሙ። አንገታቸውን ዘርግተው እኔን ፈለጉኝ።

"ቲጃኒ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንተ ምነው እዚያ?"

ጉልበቴን አሞኛል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ዓይኔ ሄዷል አዴ ዘይቡ" አልኳቸው። "በጎን አላይም። መንገዱን ያመጣችላችሁ እሷ ናት።"

በትራቸውን ከመኪናዋ አስደገፉ። "አባትህ አልነገረንም ነበር" አሉ። "እኔ ግን አይቻለሁ። ፍሬውን ላንተ ስሰጥ ወደ ሌላ ቦታ ነበር የሚያየው።" ከዚያ ጭብጣቸውን የሳቢሪን መዳፍ ላይ ፈቱት። ቀይ፣ እርጥብ፣ ከነቅጠሉ። "እንኳን መጣሽ፣ አዴ ዳማ" አሏት። መንደሩ ሳቀ፤ ሳቢሪንም እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

አንዷን ፍሬ ለየችና ወደ እኔ ዘረጋች። በጎን ሳይሆን በፊት ለፊቴ አድርጋ፣ ዓይኔ ከሚደርስበት።

ቤት ስንገባ ሐጂራ በር ላይ ነበረች። መኪናው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ደህና ነው አልኳት። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ወተቱን አነሳሁና ጠብታውን ሰጠኋት፤ "ነይ፣ አንቺ አድርጊልኝ፤ እኔ እስታለሁ።"